ክብ ጠረጴዛው ላይ ማን ይታያል?

ደሴ ላይ ለተመራቂ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ወሬው ረጅም ስለሆነ እግራችሁ ይደክማል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከእናንተ ለብዙዎቹ አንድ አጭር መልእክት በስልክ ይደርሳል። «ለቀጣዩ ዙር ስላለፉ የትምህርት ማስረጃዎን ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ጠዋት 2፡30 ላይ ይገኙ» ይላል። የለመድነው ኢንተርቪው ይመስላችኋል። አንድ በር፣ ሦስት ጠያቂ፣ «እስኪ ራስሽን አስተዋውቂ»። ስትደርሱ ግን አዳራሹ ሰው በሰው ሆኗል። ከማታውቋቸው ልጆች ጋር ክብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧችኋል። አንድ ወረቀት ይሰጧችሁና «ተወያዩ፣ ወስኑ» ይሏችኋል። ግድግዳው ስር የተቀመጡ ሰዎች ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ይጽፋሉ።

የቡድን ምልመላ ቀን ማለት ይህ ነው። እኔ በተፈታኝነት ተቀምጬበታለሁ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ በሌላኛው ወገን፣ ከሚጽፉት ጋር ተቀምጫለሁ። ሁለቱንም ካየሁ በኋላ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ ቀን የተፈጠረው ሰው ማሸነፍ እየፈለገ ጎኑ ለተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። አሁን ግን ብዙ ቦታ ማን ብዙ እንዳወራ መቁጠሪያ ሆኗል። ወደ ተነሣበት ዓላማ መመለስ ይቻላል። እናንተም ድርሻ አላችሁ፣ ቀጣሪዎቹም አላቸው። ዛሬ ከፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል የመጡ ጥቂት ሰዎች እዚህ አሉና የእነሱንም አነሣለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ። አመልካቹ ብዙ ነው፣ ቦታው ትንሽ ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ያለፈው ሁሉ ግን ለቀጣሪው ያው «አልፏል» ነው። ሲቪ ሲከፍቱ አንዱ ከሌላው አይለይም። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው ኢንተርንሺፕ፣ ያው «በቡድን መሥራት እችላለሁ» የምትል መስመር። እኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሥራ ደጃችን መጣ ብለን ነበር። የ2014ቱ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ምን እንዳደረጋቸው ለእናንተ አልነግርም፤ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ስለዚህ አንድ ቦታ ክፍት ሆነ ሲባል ከሐይቅም፣ ከከሚሴም፣ ከወልዲያም ሰው ይወርዳል። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ መጠየቅ ሳምንታት ይፈጃል። በቡድን ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል።

ሐሳቡ ግን ጊዜ ለመቆጠብ የመጣ አይደለም። የመጣው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መኮንን ቸገረው። ቀድሞ መኮንን የሚመረጠው በአጭር ቃለ መጠይቅ ነበር። የት ተማርክ፣ የማን ልጅ ነህ፣ በቃ። በዚህ መንገድ ከተመረጡት ብዙዎቹ ሥልጠናው ላይ እየወደቁ ተመለሱ። በ1942 እ.ኤ.አ. አዲስ የመኮንኖች ምርጫ ቦርዶች ተቋቋሙ። እዚያ ይሠራ የነበረ ዊልፍሬድ ቢዮን የሚባል የአእምሮ ሐኪም መሪ የሌለው ቡድን የሚባለውን ፈተና አመጣ። እጩዎቹን ይሰበስባል፣ ሥራ ይሰጣቸዋል፣ አለቃ ግን አይሾምላቸውም። ከዚያ ያያል።

ምን እንደሚያይ ልብ በሉ። እያንዳንዱ እጩ መመረጥ ይፈልጋል። ሥራው ካልተሠራ ግን ማንም አይታይለትም። ሰውዬው በራሱ ፍላጎትና በቡድኑ ሥራ መካከል ይወጠራል። በዚያ ውጥረት ውስጥ ሌላውን ይገፋል ወይስ ያስጠጋል? ቢዮን የሚፈልገው መልስ እሱን ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ወደ ኩባንያዎች ገባ። ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ፣ በዳግላስ ብሬይ መሪነት፣ ወጣት ሠራተኞቹን በዚህ ዘዴ አስገመገመ። የሚገርመኝ ውጤቱን ለአለቆቻቸው አለመንገራቸው ነው። ደብቀው ዓመታት ጠበቁ፤ ከዚያ ማን እንዳደገ ከግምገማው ጋር አስተያዩት። ያድጋሉ የተባሉት ከሌሎቹ ይልቅ አድገው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ዘዴው በየኩባንያው ተዛመተ።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚነካኝ «የማን ልጅ ነህ» የሚለውን ለመተው መፈጠሩ ነው። እኛ አገር ሥራ አመለከትኩ ስትሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ውስጥ ሰው አለሽ?» እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ የሚኒባሱ ረዳትም ጠይቆኛል። ስለዚህ ይህን ቀን የምተቸው እንዲቀር ፈልጌ አይደለም። ሰው ለሌላቸው ልጆች ከተከፈቱ ጥቂት በሮች አንዱ ነው። በሩ በደንብ እንዲከፈት ስለምፈልግ ነው የምናገረው።

አሁን የኔን ቀን ልንገራችሁ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። በማለዳ ከደሴ ተነሥተን በሚኒባስ ሐረጎን ወረድን። የደሴ ልጅ የሚታወቀው ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው፤ ሹራቡን በእጁ ይዞ ይቆማል። ምዝገባው ረዘመ። የጽሑፍ ፈተና ነበረ፤ እሱን ተዉት፣ እንደማንኛውም ፈተና ነው። ከሻይ በኋላ በስድስት በስድስት ተከፋፈልን።

የተሰጠን ወረቀት እንዲህ ይላል። ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው አከፋፋይ ሁለት የጭነት መኪና አለው። እያንዳንዱ 100 ኩንታል ይጭናል። ነገ መድረስ ያለበት ለወልዲያ 90፣ ለደሴ 80፣ ለባቲ 60 ኩንታል ነው። ማን ምን ያህል ያግኝ? ጊዜ፣ 30 ደቂቃ። ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ።

ድምሩ 230 ነው፣ መኪናዎቹ 200 ይችላሉ። ሁሉም ወዲያው 30ዋን ኩንታል ከማን እንቀንስ ወደሚለው ገባ። ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ነው። «ባቲ ትንሽ ገበያ ስለሆነች እሷ ትቀነስ» አለ። ሌላው «የለም፣ ደሴ ሌላ አከፋፋይ አያጣም» አለ። ሞቅ ሲል ወደ አማርኛ ዞሩ፤ ወዲያው ግድግዳው ስር የተቀመጠችውን ገምጋሚ አይተው ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። ልጁ መጥፎ አልነበረም። ጎበዝ ነው፣ በራሱ ይተማመናል። ግን ገምጋሚዋ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሱን ነው፤ የሚናገረው እሱ ነዋ።

ከጎኔ አንድ ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ከተጀመረ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እስክሪብቶዋ ግን አልቆመም። ዓይኔን ወደ ወረቀቷ ጣል ሳደርግ ከጥያቄው ጀርባ ሁለት መስመር አስምራለች። በአንዱ ላይ «ወልዲያ 90፣ ሙሉ ቀን» ብላለች። በሌላው ላይ «ደሴ 80፣ ከቀትር በፊት ተመላሽ፤ ከዚያ ባቲ 60» ብላለች። ሥሩ ላይ 230 ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ገባችሁ? ወረቀቱ መኪናው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሂድ አላለም። ደሴ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ያደረሰ መኪና ምሳ ሳይደርስ መጋዘኑ ደጅ ይቆማል። ከማንም መቀነስ አያስፈልግም ነበር። ሌሎቻችን ማንን እንደምንጎዳ ስንከራከር እሷ ማንም የማይጎዳበትን አግኝታለች።

በዚህ መሀል ከእሷ ማዶ የተቀመጠ፣ እሱም ብዙ ያልተናገረ ልጅ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ቆይ፣ እሷ የጻፈችውን እንይ» አለ። ወረቀቷን ወደ መሀል ሳበው። «አንቺ አስረጂን፤ በአማርኛ ይሁን» አላት። አስረዳችን። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጠረጴዛው ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ «አዎ!» አለ።

ሪፖርቱን ያቀረበው ያ ተናጋሪው ልጅ ነው። «ቡድናችን እንዲህ ወስኗል» አለ፤ ስሟን አልጠራም። «ካለፋችሁ እንደውላለን» ተባልንና ወደየቤታችን ሄድን። እሱ ተቀጠረ። እሷ ጋ ማንም አልደወለም። አልተቀጠርሽም ብሎ እንኳ የነገራት የለም። እኔም ብሆን የሥራ ዕድሌን ያገኘሁት በሌላ ድርጅት ነው።

ይህ የአንድ ጠረጴዛ ዕድል ብቻ ቢሆን አላነሣውም ነበር። በርናርድ ባስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ገና በ1949 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አይቶታል። መሪ በሌለው ቡድን ውይይት ላይ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኙት በአብዛኛው ረጅም ጊዜ የተናገሩት እንደሆኑ አሳይቷል። ገምጋሚውም ሰው ነው። ጆሮው የሰማውን ይጽፋል። እስክሪብቶ ድምፅ የለውም።

ባለፈው ዓመት እኔም እስክሪብቶ ይዤ ግድግዳ ስር ተቀመጥኩ። አሁን የምሠራበት ፋብሪካ አዲስ ምሩቅ ሲቀጥር ማስታወሻ ያዥ አደረጉኝ። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ ብዙ ሣጥን አለ፤ ሐሳብ ያመነጫል፣ በቁጥር ያስባል፣ ጊዜ ይጠብቃል። ከመሀላቸው አንዱ «ሌሎችን ያሳትፋል» ይላል። ሳነበው ያ «እሷ የጻፈችውን እንይ» ያለው ልጅ ትዝ አለኝ። ያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነጥብ አላት! እሱ አላወቀም፤ እኛም ማናችንም አላወቅንም። ደግሞ ሌላ ያየሁት፣ በዚያ ሣጥን የሚሞላ ነገር ይጠፋል። ስድስቱም ለራሳቸው ሐሳብ ሲሽቀዳደሙ ያ ሣጥን ባዶውን ይመለሳል። ቀጣሪው እየፈለገው፣ ተፈታኙ አያውቀውም።

እኛ ወሎዎች ይህን ሥራ አናውቀውም ማለት ግን አልችልም። የሰፈራችሁን ቅሬ አስቡት፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን። አንድ ሰው ሞቶበት ወይም ቤት ተቃጥሎበት ሲመከር እዩ። ድምፀ ጎላ ያለው ተናግሮ ሲያበቃ ጉዳዩ አያልቅም። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «እስኪ እከሌም ይበል፤ እሱ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ያውቃል» ይላሉ። ያ ዝም ያለው ሰው ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ያለው እሱ ጋ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ተቀምጦበት ይህን ሲያደርግ አይተን አድገናል። እንግሊዝ አገር ሐኪም ጠረጴዛ አስቀምጦ የፈለገው ነገር እኛ ደጅ አለ።

የጎደለን ሌላ ነው። በቅሬው ወጣት ተናጋሪ አይደለም። ሻይ ያቀርባል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል። «ትልቅ ሰው ሳይናገር አፍሽን አትክፈቺ» ተብለናል። «ዝም አይነቅዝም» ተብለናል። በቤት ውስጥ ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ አልነቅፈውም። ክብ ጠረጴዛው ላይ ግን የተቀመጡት ሁሉ እኩያ ናቸው። እዚያ ሌላውን ለማስጠጋት የሽማግሌዎቹን አፍ መዋስ አለባችሁ። ዕድሜያችሁ ሃያ ሦስት ቢሆንም።

እና ምን ትላላችሁ? በጣም ተራ ነገር። «እስኪ የጀመረችውን ትጨርስ።» «አንተ ቅድም ስለ ዋጋው ያነሣኸው ነበር፣ ምን ነበር?» «እስካሁን በዚህና በዚህ ተስማምተናል፤ የቀረን ይቺ ናት።» ሦስቱም አጭር ናቸው፣ ሦስቱም ሥራውን ወደ ፊት ይገፋሉ። ለይስሙላ ከሆነ ግን ያስታውቃል። መልሱን ሳትሰሙ «አንቺስ?» ብሎ ማለፍ ዋጋ የለውም። ስትቀመጡ የአምስቱንም ስም ጠይቁና ወረቀታችሁ ጥግ ላይ ጻፉ። በስም የተጠራ ሰው ይናገራል።

ዝም ለምትሉት ደግሞ፣ ያች ቀጭን ልጅ ለምትመስሉት፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ሒሳባችሁን ወረቀት ላይ ብቻ አትተዉት። መጀመሪያ ላይ፣ ነገሩ ሳይሞቅ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «መኪናው በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል?» አይነት። አንዴ ድምፃችሁ ከወጣ ሁለተኛው ይቀላል። ሐሳባችሁን ሌላ ሰው አንሥቶ የራሱ ካደረገው አትጣሉ። «አዎ፣ ያ የሠራሁት ሒሳብ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት» በሉ። ይህ ጉራ አይደለም። መዝጋቢው ማን እንደሠራው እንዲያውቅ ትረዱታላችሁ።

ለሴቶች አንድ ነገር በተለይ። ገና ስትቀመጡ «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ትባላላችሁ። ከግድግዳው ስር ሆኜም አይቼዋለሁ፤ እስክሪብቶው ወደ ሴቶቹ ነው የሚሄደው። የሚጽፍ ሰው እጁ ይሠራል፣ አፉ ይዘጋል። ከያዛችሁት ተናገሩበት። «ይህን ልጻፍ? ሁላችንም ተስማምተናል? አንተ አልተስማማህም፣ ለምን?» ስትሉ ውይይቱን የምትመሩት እናንተ ትሆናላችሁ። ካልፈለጋችሁም «በየተራ እንጻፍ» በሉ፤ ማንም አይከፋም። በግል ኢንተርቪው ደግሞ «ልታገቢ ነው ወይ? ልትወልጂ ነው?» የሚል ከገጠማችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በፆታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን እንደሚከለክል እወቁ። «ሥራውን በሙሉ ጊዜዬ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ቋንቋውን በተመለከተ ገና ሲጀመር ጠይቁ። «ውይይቱ በአማርኛ፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይቻላል?» ብዙ ጊዜ ይቻላል ይላሉ። ባይሉ እንኳ የጠየቀው ሰው ለስድስቱም ነው የጠየቀው።

በቀኑ ከሚሰጧችሁ ልምምዶች፣ ማለትም ከቡድን ውይይቱ ወይም ከግል ገለጻው፣ አንዱ ከተበላሸባችሁ ቀኑ አለቀ ብላችሁ አትውደቁ። ፖል ሳኬትና ጆርጅ ድሬሄር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሰው በአንዱ ልምምድ ያገኘው ነጥብ በሌላው ካገኘው ጋር ብዙም እንደማይገጥም አሳይተዋል። በቡድኑ ዝም ያለ ሰው በግል ገለጻው ሊያበራ ይችላል። ሻይ ጠጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ወደሚቀጥለው ግቡ። ልብስ ንጹሕ ይሁን፣ በቃ። ለምዝገባ ብር ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሥራ አይደለምና ተመለሱ።

አሁን ወደ ቀጣሪዎቹ ልዙር። ጋሼ፣ እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምለው። ቅጹ ላይ ያሉትን ሣጥኖች ለልጆቹ ንገሯቸው። ምን እንደምታዩ ሲያውቁ ይኮርጃሉ የሚል ፍርሃት አለ። ሌላውን ማስጠጋት ቢኮርጁ ምን ይጎዳችኋል? ፋብሪካ ገብተውም ያንኑ ቢያደርጉ ደስ አይላችሁም? ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ያንብቡ፣ ይጻፉ፤ ያን ወረቀትም ሰብስባችሁ እዩት። እንዲህ ቢደረግ የዚያች ልጅ 230 ገምጋሚዋ እጅ ይገባ ነበር። አንድ ገምጋሚ ስድስት ሰው አይችልም፤ ሁለት ሁለት ሰው ስጡት። ሥራው በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ ውይይቱን በእንግሊዝኛ ማድረግ የምትፈልጉትን ሰው አያሳያችሁም።

ደግሞ ሕጉ ጊዜ ሰጥቷችኋል። ቅድም ባነሣሁት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ያለቀለት ሰው አትፈልጉ። የሚማር፣ የሚሰማ፣ ከሰው ጋር የሚውል ፈልጉና ሥራ ላይ እዩት።

ላልተቀጠሩትም መልእክት ላኩ። አንድ መስመር ይበቃል። ከወረኢሉ ድረስ ተሳፍሮ የመጣ ልጅ ስልኩን እያየ ወር ሙሉ እንዳይከርም። ሌላ ቦታ ለማመልከት እኮ የእናንተን ቁርጥ ማወቅ አለበት።

በቃኝ። አሁን ወንበሮቹን አዙሯቸው፤ በስድስት በስድስት ተቀመጡ። የማትተዋወቁ ብትሆኑ ይመረጣል፤ ጓደኛማቾች ተለያዩ። በየቡድኑ አጠገብ አንድ ሰው ቅጽ ይዞ ይቆማል። ሣጥኖቹን ቅድም ነግሬያችኋለሁ። ጥያቄው ለአንድ ዳቦ ቤት ስንዴ ስለማከፋፈል ነው። አምስት ደቂቃ አንብቡና ጻፉ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በአማርኛ ተወያዩ። ስም መጠያየቁን እንዳትረሱ። ወረቀቱ ያልደረሳችሁ እጅ አውጡ።